ድልድዩ ሲታፈን ውሃው ወዴት ይሄዳል?

የደረሰኝ ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው፦

«ቤታችን ወንዝ ዳር ነው፤ ከአንድ ትንሽ ድልድይ 200 ሜትር ያህል ወደ ላይ። 20 ዓመት ስንኖር ውሃ ግቢያችን ገብቶ አያውቅም። ዘንድሮ ግን እስከ መስኮታችን ደረሰ። ዝናቡ ከዚህ በፊት ካየነው የባሰ አልነበረም። የገረመን ነገር ውሃው ከላይ እየተምዘገዘገ አለመምጣቱ ነው። ከታች፣ ከድልድዩ በኩል፣ ዝም ብሎ እየጨመረ ወጣብን። ከሁለት ሰዓት በኋላ ደግሞ ድንገት ጎደለ። ጎረቤቶቻችን ድልድዩ ሥር ግንድ ተሰንቅሮ ነው ይላሉ። አንድ መሐንዲስ ግን ድልድዩ የ50 ዓመት ጎርፍ እንዲያሳልፍ ተደርጎ የተሠራ ስለሆነ ጥቂት እንጨት ምንም አያመጣም አለን። ማንን እንመን? የወንዙን ዳር ዛፎች በሙሉ ቆርጠን፣ ድልድዩ አፍ ላይ የብረት ፍርግርግ እናስተክል የሚሉም አሉ። ያዋጣል?»

ለጊዜው ጎረቤቶችዎን ይመኑ። መሐንዲሱም አልዋሸዎትም። እሱ የሚያወራው ወረቀት ላይ ስላለው ድልድይ ነው። እዚያ የድልድዩ አፍ ወለል ብሎ ክፍት ነው፤ የሚያልፈውም ውሃ ብቻ ነው። ጎረቤቶችዎ የሚያወሩት ስለዚያ ሌሊት ድልድይ ነው።

እኔን የያዘኝ ግን እርስዎ እግረ መንገድዎን የጠቀሷቸው ሁለት ነገሮች ናቸው። «ከታች ወጣብን» ብለዋል፤ «ድንገት ጎደለ» ብለዋል። ወንዝ ሲሞላ ይቸኩላል፣ ሲጎድል ግን ይንቀራፈፋል። ከላይ ያለው መሬት ውሃውን ቀስ እያለ ስለሚለቀው፣ ሙላቱ የሚወርደው በሰዓታት ነው። በደቂቃዎች ውስጥ ከጎደለ የሆነ ቦታ የሆነ ነገር ተበጥሷል። ከድልድዩ በታች የሚኖር ሰው የሚያውቁ ከሆነ፣ በዚያን ሰዓት ምን እንዳየ ይጠይቁልኝ። «ውሃው ጋብ ብሎልን ነበር፤ ከዚያ ባንዴ መጣ» ካለ ነገሩ አለቀ።

አሁን ጥቂት እንጨት እንዴት ይህን ሁሉ ሊያደርግ እንደሚችል ልንገርዎት። ከአንድ ትዝታ ልጀምር።

ሥራ በጀመርኩበት ሰሞን ከጎርፍ በኋላ የታፈነ ድልድይ ለማየት ተላክሁ። ሁለት ምሰሶ ያለው ተራ ድልድይ ነው። በሁለቱ ምሰሶዎች መካከል ያለው ክፍተት ድፍን ብሏል። ከላይ በኩል ሄጄ በእጄ ነካሁት። እንደ ተመረገ የጭቃ ቤት ግድግዳ ደረቅና ለስላሳ ነበር። ኤክስካቫተሩ ሁለት ሰዓት ሙሉ ከላዩ ላይ ሲጭር ዋለ። ፌስታል ወጣ፣ ጨርቅ ወጣ፣ የአጥር ሽቦ ወጣ፣ አንድ ፍራሽ ወጣ። ክምሩ ግን ንቅንቅ አላለም። በመጨረሻ ኦፕሬተሩ ከሥር አንድ ነገር ያዘና ሳበ። ከነሥሩ የተነቀለ ዛፍ ነው። ግንዱ ሁለቱን ምሰሶዎች ተደግፎ ተጋድሟል። ርዝመቱን ለካሁት፤ 9 ሜትር ሊሞላ ትንሽ ቀርቶታል። የምሰሶዎቹ ርቀት 8 ሜትር ነበር። ያ ዛፍ ሲወጣ የቀረው ሁሉ ተንዶ ወረደ።

ከዚያን ቀን ወዲህ የታፈነ ድልድይ ሳይ መጀመሪያ የምፈልገው ያንን አንድ ግንድ ነው። አሠራሩ ሁልጊዜ ይመሳሰላል። መጀመሪያ አንድ ረጅም ነገር ይጋደማል፤ ይህ ማገሩ ነው። ቅርንጫፍና ጭራሮ በላዩ ይሰካካል። ሣር፣ ሸምበቆና ገለባ ቀዳዳውን ያጠባል። በመጨረሻ ቅጠል፣ ፌስታልና ጭቃ ይመርገዋል። አንድ ሰው ማገር ማግሮ፣ ጭቃ አቡክቶ፣ በእጁ የሠራው ነው የሚመስለው። ውሃ ማሳለፍ የሚያቆመው በግንዱ ምክንያት አይደለም፤ በግንድ መካከል ውሃ ያልፋል። የሚያቆመው በመጨረሻው ቅጠል ነው። ቅጠሉን ያቆመው ግን ግንዱ ነው።

ስለዚህ «ስንት እንጨት መጣ?» ከሚለው ይልቅ «ከመጡት ውስጥ ረጅሙ ስንት ሜትር ነው?» የሚለው ጥያቄ ይበልጣል። አጫጭር እንጨት በሺህ ቢመጣ ሾልኮ ይሄዳል። ከክፍተቱ የሚረዝም አንድ ግንድ ግን ይበቃል። አውስትራሊያ ውስጥ በዝናብና በጎርፍ ስሌት የሚሠራበት ብሔራዊ መመሪያ ይህንኑ ሐሳብ ይዟል። ከላይ ሊመጡ ከሚችሉት ነገሮች ረጃጅሞቹን 10 ከመቶ ይወስዳል፤ የእነሱን አማካይ ርዝመት ከድልድዩ ክፍተት ጋር ያነጻጽራል። ክፍተቱ ከዚያ ርዝመት ካነሰ የመታፈን ዕድሉ ከፍተኛ ነው ይላል። ከሦስት እጥፉ ከበለጠ ደግሞ ዝቅተኛ ነው። ቀላል መለኪያ ናት፤ እኔ ግን ከብዙ ውስብስብ ሞዴል ይልቅ እሷን እወዳታለሁ። ሜትር ይዞ ወንዝ ዳር መሄድ ለሚችል ሰው ሁሉ ትሠራለች።

ግንዶች ወንዙ ላይ እኩል ተበትነው አይጓዙም። የላይኛው ገጽ ብዙ ጊዜ ተንሳፋፊውን ወደ ፈጣኑ መስመር ይሰበስባል። ያ መስመር ብዙ ጊዜ ወደ መሐል ነው። ድልድይ ሠሪው ደግሞ ወጪ ለመቀነስ ምሰሶ የሚተክለው የት ነው? መሐል። ምሰሶው የተተከለው ግንዱ በሚያልፍበት መንገድ ላይ ነው ማለት ነው። አንድ ወይም ሁለት ቦታ ብቻ ይታፈናል እንጂ ሁሉም ክፍተት እኩል የማይታፈነው ለዚህ ነው።

ሰዓቱም አይጣል ነው። ወንዝ ዳር የተከማቸውን ሁሉ የሚያነሳው መጀመሪያ የሚደርሰው ውሃ ነው። በድርቅ ወራት የወደቀ ግንድ፣ ሰው የደረደረው ጣውላ፣ የተጣለ ጎማ፣ ሁሉም የሚነሳው ጎርፉ ሽቅብ በሚወጣበት ሰዓት ነው። ጎርፉ ሲወርድ የሚመጣው ግሳንግስ ያንሳል፤ ተጠርጎ አልቋላ። ድልድዩ እንግዲህ የሚታፈነው ከፍተኛው ውሃ ከመድረሱ በፊት ወይም እዚያው ላይ ነው። ከሁሉ የከፋ ውሃ የሚደርሰው አፉ ከተለጎመ በኋላ ነው።

አሁን ወደ ቁጥር እንግባ። አትፍሩ፣ ከማባዛትና ከማካፈል አያልፍም።

የድልድዩ ክፍተት 8 ሜትር ስፋትና 2.5 ሜትር ከፍታ አለው እንበል። 20 ካሬ ሜትር ማለት ነው። ውሃው በሰከንድ 3 ሜትር ቢፈስ፣ በሰከንድ 60 ሜትር ኩብ ያሳልፋል። አሁን ግማሹ ታፈነ። ያው 60 ሜትር ኩብ በ10 ካሬ ሜትር ይለፍ ቢባል በሰከንድ 6 ሜትር መሮጥ አለበት። ፍጥነቱ እጥፍ ሆነ። ውሃ ግን ፍጥነት በነጻ አያገኝም። ከኋላው ከፍ ብሎ መከመር አለበት፤ የሚገፋው ያ ክምችት ነው። ለፍጥነት የሚያስፈልገው ከፍታ ደግሞ በፍጥነቱ ካሬ ነው የሚያድገው። ለ3 ሜትር ፍጥነት 46 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይበቃ ነበር። ለ6 ሜትር ግን 1.84 ሜትር ያስፈልጋል። ክፍተቱ በግማሽ ቀነሰ፣ የሚፈለገው ከፍታ አራት እጥፍ ሆነ። በመግቢያና በመውጫ የሚባክነውን ኃይል ገና አልጨመርኩም።

ይህ ሒሳብ «ጥቂት እንጨት» የሚለውን አባባል የት እንደሚያደርሰው አዩት? ከድልድዩ በላይ ያለው ውሃ ከ1 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ይቆያል። መስኮትዎ ጋ የደረሰው ምናልባት ያ ነው። ደግሞ ድልድዩ ከታፈነ በኋላ ዝናቡ እንደ ድሮው ቢሆንም ከፍታው እንደ ድሮው አይሆንም። በ20 ዓመት ውስጥ ያላዩትን ውሃ ተራ ዝናብ ሊያመጣው የሚችለው በዚህ መንገድ ነው።

ነገር ግን ልብ ይበሉ፤ የታፈነ ድልድይ የሚያስተኛው፣ ማለትም ከኋላው የሚያጠራቅመው ውሃ፣ ወደ ላይ እስከ ፈለገበት አይሄድም። የሚወስነው የወንዙ ተዳፋት ነው። ድልድዩ ጋ ውሃው በ1 ሜትር ከፍ አለ እንበል። ወንዙ በየ100 ሜትሩ 1 ሜትር የሚወርድ ከሆነ፣ ጭማሪው 100 ሜትር ገደማ ወደ ላይ ሄዶ ያልቃል። በየ1000 ሜትሩ 1 ሜትር የሚወርድ ረጋ ያለ ወንዝ ከሆነ ግን 1 ኪሎ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ይደርሳል። እርስዎ 200 ሜትር ላይ ነዎት። ወንዝዎ እየዘለለ የሚወርድ የተራራ ወንዝ ከሆነ ድልድዩን መክሰስ ይከብደኛል። ረጋ ያለ ከሆነ ግን ድልድዩ ዋና ተጠርጣሪ ነው። «ዝም ብሎ ወጣ» ያሉት ወደ ሁለተኛው ያደላል፤ የተኛ ውሃ እንደዚያ ነው የሚመጣው፣ ድምፅ የለውም።

ውሃው ዝም ብሎ አይከመርም ደግሞ፤ መውጫ ይፈልጋል። ብዙ ጊዜ የሚያገኘው ከድልድዩ ግራ ወይም ቀኝ ያለውን ዝቅ ያለ መንገድ ነው። በዚያ በኩል ያለ ሰፈር ወንዝ አይቶ የማያውቅ ሊሆን ይችላል። የጎርፍ ካርታውም ላይ «አያሰጋም» ተብሎ ሊሆን ይችላል፤ ምክንያቱም ካርታው ሲሠራ ድልድዩ ክፍት ነው ተብሎ ነበር። እኔ በሥራዬ ከሁሉ የሚያበሳጨኝ ይህ ነው። መታፈን ከፍታን ብቻ ሳይሆን የጎርፉን አድራሻም ይቀይራል።

በድልድዩ ጎንና ጎን ስለሚቆመው መደገፊያም አንድ ነገር ልበል። ብዙ ሰው የማያስበው ነው። ውሃው ወደ ድልድዩ ሆድ ሲደርስ ግሳንግሱ በምሰሶ ብቻ ሳይሆን በአግዳሚዎቹም መያዝ ይጀምራል። ከላይ ሊፈስ ሲል ደግሞ የብረት መደገፊያው ይጠብቀዋል። መደገፊያ ለእግረኛ መደገፊያ ነው፤ ለጎርፍ ግን ማበጠሪያ ነው። ሣርና ቅርንጫፍ ይይዛል፣ ይደፈናል፣ ግድቡ በአንድ ሜትር ይጨምራል። ለዚህ ነው አንዳንድ ቦታ በጎርፍ ጊዜ የሚተኛ ወይም የሚነቀል መደገፊያ የሚያስቀምጡት።

ይህ ሁሉ ንድፈ ሐሳብ ብቻ እንዳይመስልዎት።

እ.ኤ.አ. ግንቦት 31 ቀን 1889 አሜሪካ ፔንሲልቫኒያ ውስጥ ከጆንስታውን ከተማ በላይ ያለ ግድብ ተደረመሰ። ውሃው ቤት፣ ዛፍ፣ የባቡር ፉርጎና ከፋብሪካ የወጣ የእሾህ ሽቦ እየጠራረገ ወረደ። ከተማዋ ጫፍ ላይ 7 ቅስት ያለው የድንጋይ የባቡር ድልድይ ነበር። ድልድዩ አልፈረሰም። ጥንካሬው ነው ጉድ ያመጣው። ግሳንግሱ ተከመረበት፣ ሽቦው አሰረው፣ 12 ሄክታር ያህል ቦታ ሸፈነ። ውሃው ወደ ኋላ ተመልሶ ከተማዋን አጥለቀለቀ። ከዚያ ክምሩ እሳት ያዘ፤ ከውሃው ተርፈው እዚያ ውስጥ የተያዙ ሰዎች ተቃጠሉ። በጠቅላላው ከ2,200 በላይ ሰው አለቀ። ክምሩን ለማላቀቅ በኋላ ዳይናማይት አስፈልጓል።

በነሐሴ 16 ቀን 2004 (እ.ኤ.አ.) እንግሊዝ ውስጥ ቦስካስል የምትባል የባሕር ዳር መንደር በሰዓታት ዝናብ ተመታች። ዛፎችና ከመቶ የሚበልጡ መኪኖች ተጠርገው ወረዱ። ትንሹ የድንጋይ ድልድይ ታፈነ፤ ውሃው በመንደሩ ጎዳና መንገድ ሠራ። ወደ 100 ሰው በሄሊኮፕተር ተነሣ፤ የሞተ አልነበረም። በኋላ ድልድዩ አፈ ሰፊ በሆነ ሌላ ተተካ። መኪና ይንሳፈፋል ወይ የሚል ካለ፣ አውስትራሊያ ውስጥ የኒው ሳውዝ ዌልስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2016 ሞክረውታል። ትንሿ ቶዮታ ያሪስ በ60 ሴንቲ ሜትር ውሃ ተንሳፈፈች። ከባዱ ኒሳን ፓትሮል እንኳ 95 ሴንቲ ሜትር ላይ ተነሣ። ጎርፍ ባለበት ዘመናዊ ከተማ መኪናም እንደ ረጅም «ግንድ» ነው።

ጀርመን ውስጥ የአር ወንዝ ሸለቆ በሐምሌ 2021 (እ.ኤ.አ.) ያየውም ከባድ ነው። በአንድ ሌሊት ከ130 ሰው በላይ ሞተ፤ ከ60 በላይ ድልድዮች ወደሙ። ዛፍ፣ ተጎታች የመዝናኛ ቤት፣ የዘይት ታንከር፣ መኪና፣ ሁሉም ድልድይ ላይ ተከመረ። አንዱ ድልድይ ሲታፈን ከበላዩ ያለውን መንደር ያሰጥማል። ሲበጠስ ደግሞ ያጠራቀመውን ውሃና ግሳንግስ ለቀጣዩ ድልድይ ያስረክባል። ድልድይ በድልድይ እየተቀባበሉ ነው የሄዱት። ከታች ያለው ሰው ውሃው የቀነሰ ሲመስለው ተዘናግቶ ወደ ምድር ቤት ሊወርድ ይችላል፤ ከዚያ ነው የሚመጣበት።

እንግዲህ የመሐንዲሱን «50 ዓመት» እንመልከት። የ50 ዓመት ጎርፍ ማለት 50 ዓመት ጠብቆ የሚመጣ ማለት አይደለም። በየዓመቱ 2 ከመቶ ዕድል ያለው ጎርፍ ማለት ነው። እርስዎ 20 ዓመት ስለኖሩ፣ በዚህ ጊዜ ውስጥ ቢያንስ አንዴ የመከሰት ዕድሉ 33 ከመቶ ገደማ ነበር። ስለዚህ ባይታፈንም ሊመጣ ይችል ነበር። ዋናው ግን ሌላ ነው። ያ ቁጥር ለክፍት አፍ የተሰላ ነው። በድልድዩ ሆድና በጎርፉ መካከል ብዙ ጊዜ ግማሽ ሜትር ወይም አንድ ሜትር ትርፍ ክፍተት ይተዋል፤ እሱ ቅርንጫፍና ቁጥቋጦ ያሳልፋል። ከነሥሩ የተነቀለ ዛፍ ግን የሥሩ ስፋት ብቻ ከዚያ ይበልጣል። ግማሹ ከታፈነ የ50 ዓመት ድልድይ የ5 ዓመት ድልድይ ሊሆን ይችላል። መሐንዲሱን አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቁት፦ «ስሌቱን ስትሠራ ስንት ከመቶ ታፍኗል ብለህ ነው?» ዜሮ ካለ ስሌቱን በግማሽ መታፈንና በሙሉ መታፈን ደግሞ እንዲሠራልዎ ይለምኑት። በሙሉ መታፈን የሚሠራው ድልድዩን ለማሳጣት አይደለም። ውሃው በየት በኩል እንደሚያመልጥ ለማየት ነው።

ይህን መጠየቅ ቅንጦት አይደለም። ነሐሴ 1998 (እ.ኤ.አ.) አውስትራሊያ ውስጥ የዎሎንጎንግ ከተማን ኃይለኛ ዝናብ መታት። ከዚያ በኋላ ባለሙያዎች ድልድዮችንና ቱቦዎችን አንድ በአንድ ዞረው አዩ። አፋቸው ከጥግ እስከ ጥግ ሲለካ ከ6 ሜትር በታች የሆኑት በብዛት ታፍነው ተገኙ። ከተማዋ ከዚያ ወዲህ በጎርፍ ስሌት ላይ መታፈንን ግዴታ አደረገች። 6 ሜትር የዚያ አካባቢ ዛፍና አፈር ያወጣው ቁጥር ነው፤ በየአገሩ አይሠራም። የራስዎን ቁጥር ለማግኘት ከላይ ያለውን ረጅም ዛፍ መለካት ነው።

ወደ መፍትሔው። ዛፉን በሙሉ መቁረጥ የሚለውን ሐሳብ አልደግፍም። ቁመው ያሉት ዛፎች ዳሩን የያዙት እነሱ ናቸው። ሲቆረጡ ዳሩ ይናዳል፤ የተናደው ደለል ደግሞ ወርዶ የድልድዩን ወለል ይሞላል። ያን ጊዜ አፉ ከላይ ሳይሆን ከታች መጥበብ ይጀምራል። ከዚህም የባሰው ተቆርጦ እዚያው የሚቀረው ግንድ ነው። ሥሩ ያልያዘው፣ ቅርንጫፉ የተመለመለ፣ ለመንሳፈፍ የተዘጋጀ ዕቃ ነው። ኒውዚላንድ ውስጥ በጊዝበርን አካባቢ ከደን ቆረጣ በኋላ ተራራ ላይ የቀረው ግንድና ቅርንጫፍ በ2018 እና በ2023 (እ.ኤ.አ.) በጣለው ከባድ ዝናብ ወርዶ ድልድዮችን አፍኗል፣ ባሕር ዳርቻውን አልብሷል።

የሚጠቅመው መርጦ መሥራት ነው። ከክረምት በፊት ከድልድዩ ወደ ላይ ይሂዱ። የወደቀና ሥሩ የተለቀቀ፣ ርዝመቱም ከድልድዩ ክፍተት ግማሽ የሚበልጥ ግንድ ካገኙ ወይ ያውጡት፣ ወይ እዚያው ቆራርጠው ያሳጥሩት። የተቆራረጠው ሾልኮ ያልፋል። ሥሩን መሬት የያዘውን የወደቀ ዛፍ ይተዉት፤ ለዓሣም ለወንዙም ይጠቅማል፣ ሌላውንም ግንድ ይይዛል። ከዚያ የሰውን ዕቃ ይመልከቱ። የተደረደረ ጣውላ፣ ባዶ በርሜል፣ የውሃ ታንከር፣ የተከመረ ድርቆሽ፣ የቆመ መኪና። እነዚህን ማንሳት ወይም ማሰር ከዛፍ ቆረጣ ይልቅ ርካሽ ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን ከጎረቤት ጋር ያጣላል። ይኼን ከልምድ ነው የምለው።

ስለ ፍርግርጉ ደግሞ ጠንቀቅ በሉ። ድልድዩ አፍ ላይ የሚተከል ጠባብ ፍርግርግ ችግሩን አያስወግደውም፤ ሦስት ሜትር ወደ ላይ ያዛውረዋል። ዘንጎቹ ከተቀራረቡ ግንድ ሳይመጣ በቅጠልና በፌስታል ብቻ ይደፈናል። የሚጠርገው ሰው ደግሞ የሚያስፈልገው ማንም መቅረብ በማይችልበት ሰዓት ነው። መያዣ መሥራት ካስፈለገ ከድልድዩ ራቅ ብሎ፣ ውሃው ቢተኛ ማንንም በማይጎዳበት ቦታ፣ ዘንጎቹ ተራርቀው፣ ማሽን ሊደርስበት የሚችል መንገድ ኖሮት ነው።

ስዊዞች በዚህ ጎበዞች ናቸው። ዙሪክ ከተማ ውስጥ ዚል የሚባለው ወንዝ በዋናው ባቡር ጣቢያ ሥር በ5 መተላለፊያዎች ያልፋል። አንዱ ቢታፈን ጣቢያው ውሃ ይገባዋል። ስለዚህ ከከተማው በላይ፣ ወንዙ በሚታጠፍበት ቦታ ላይ በ2017 (እ.ኤ.አ.) የግንድ መያዣ ሠሩ። ቦታው በአጋጣሚ አልተመረጠም። ወንዝ ሲታጠፍ ተንሳፋፊው ወደ ውጨኛው ዳር ይገፋል፣ ድንጋይና ደለሉ ግን ወደ ውስጠኛው ያደላል። መያዣው ውጨኛው ዳር ላይ ስለተተከለ ግንዱን ከዋናው መስመር አውጥቶ ይይዛል፤ ደለሉ መንገዱን ይቀጥላል። ያያት ሁሉ «እንዴት ቀላል ናት» ይላል። እኔም ብያለሁ።

ድልድዩን የመቀየር ዕድል ካለ ደግሞ ጉዳዩ አንድ ነው፤ የመሐሉን ምሰሶ ማስቀረት። ባለ ሁለት ጠባብ ክፍተት ድልድይ ከባለ አንድ ሰፊ ክፍተት ጋር በካሬ ሜትር እኩል ሊሆን ይችላል፤ ለግንድ ግን እኩል አይደሉም። ቀረጥ ከፋዩ የሚያየው የዋጋውን ልዩነት ስለሆነ ብዙ ጊዜ እንሸነፋለን።

ሳልረሳው ስለ ድልድዩ ደኅንነት። የታፈነ ድልድይ ውሃ ማስተኛት ብቻ አይደለም የሚሠራው። 6 ሜትር በ2.5 ሜትር የሆነ ክምር በሰከንድ 3 ሜትር የሚሄድ ውሃ ሲገፋው ወደ 7 ቶን የሚጠጋ የጎን ግፊት ምሰሶው ላይ ይጭናል። ውሃው ከላይ ሲዘጋበት ደግሞ በሥር ይጠልቃል፤ እዚያ የወንዙን ወለል ይቆፍራል፤ የምሰሶውን መሠረት ያራቁታል። ጎርፉ ሲያልፍ ጉድጓዱ በደለል ስለሚሞላ ምንም ያልሆነ ይመስላል። የእናንተ ድልድይ ሁለት ሰዓት ያህል ታፍኖ ከነበረ መሠረቱ መፈተሽ አለበት። ላዩን አይቶ «ደኅና ነው» ማለት አይበቃም።

በጎርፍ ሰዓት ማንም ድልድዩ ላይ ቆሞ በአጣና እየወጋ ክምሩን ለማስለቀቅ እንዳይሞክር። ጉልበተኛ ወጣቶች በየቦታው ይህን ያደርጋሉ። ክምሩ ሲለቅ አያስጠነቅቅም፤ ድልድዩም አብሮ ሊሄድ ይችላል። ከሄደም ከታች ላለው ሰው ማዕበል ይልኩበታል። ማጽዳት ያለበት ውሃው ከወረደ በኋላ፣ በማሽን፣ ከዳር ሆኖ ነው።

አሁን የእርስዎ የቤት ሥራ። የግድግዳና የዛፍ ግንድ ላይ የጭቃው መስመር ሳይታጠብ ከድልድዩ 10 ሜትር በላይና 10 ሜትር በታች ምልክቱን ይፈልጉ። ሁለቱንም በውሃ ልክ ወይም ውሃ በሞላ ስስ የፕላስቲክ ቱቦ ያስተያዩና ልዩነቱን ይለኩ። ቤትዎ ጋ ያለውንም እንዲሁ። የላዩ ከታቹ በ1 ሜትር ከፍ ካለ፣ የቤትዎ ምልክትም ከድልድዩ በላይ ካለው ጋር ተቀራራቢ ከሆነ፣ ውሃው ተኝቶ ነበር ማለት ነው፤ ጎረቤቶችዎ ረቱ። ልዩነቱ 20 ወይም 30 ሴንቲ ሜትር ብቻ ከሆነ ግን ድልድዩን ይተዉትና በ20 ዓመት ውስጥ ከላይ በኩል ምን እንደተለወጠ ይፈልጉ፦ አዲስ አስፋልት፣ የተመነጠረ ኮረብታ፣ የተሞላ ረግረግ። ቁጥሮቹንና የተቆለለውን ግሳንግስ ፎቶ ይላኩልኝ። ፎቶው ላይ ለመጠን የሚሆን አንድ ሰው አጠገቡ ይቁም።